ከከበሮው ጀርባ ወደ መቅረጫው ክፍል፦ ለሰሜን ሸዋ ከበሮ መቺዎች የተጻፈ መመሪያ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ያለው ሰው ከበሮ መቺ እንዳልነበረ እገምታለሁ። እኛን ከበሮው አላደናገረንም። ያደናገረን ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ ያለው ነው፤ ቁልፍና መብራት የበዛበት ሰሌዳ፣ በኮምፒውተሩ ላይ የሚሮጠው የድምፅ ሞገድ፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ድገመው» እያለ ምክንያቱን የማይናገር ባለሙያ። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ይዤ አደግሁ፤ ኋላም በሠርግ ባንዶች ድራም ላይ ለዓመታት ተቀመጥሁ። ዛሬ ወዲያ ማዶ ተሻግሬያለሁ። መስታወት ግን የለኝም፤ ያለኝ ባና የተጋረደበት አንድ የጭቃ ክፍል ነው።

ኪቦርድ ተጫዋች ወደ ቀረጻ የሚገባው በዜማ በኩል ነው። እኛ የምንገባው በጊዜና በቦታ በኩል ነው። ምቱ መቼ እንዳረፈ፣ ድምፁ ከየትኛው ግድግዳ ነጥሮ እንደተመለሰ ጆሯችን ሳንጠይቀው ይነግረናል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከዕቃ ግዢ አይጀምርም። ዕቃ የሚገዛው በመካከል ነው፤ ብዙዎች ገንዘባቸውን የሚጨርሱት ቅደም ተከተሉን ስለሚገለብጡ ነው።

ጆሮን ማዳን

አንድ የጥር ወር ሙሉ ከሠርግ ሠርግ ስንዞር ከርመን፣ በመጨረሻው ሌሊት ግራ ጆሮዬ መጮህ ጀመረ። ሦስት ቀን ጮኸ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ድራመር ሀይ ሃቱ (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ሳህን) በግራው ስለሆነ ቀድሞ የሚጎዳው ግራ ጆሮው ነው። በሥራ ጤና ጥበቃ በሚሠራበት አንድ መለኪያ መሠረት ጆሮ 85 ዴሲቤል ድምፅን በቀን ለ8 ሰዓት ይችላል፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደረስ የቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ዝግ ክፍል ውስጥ የሚመታ ድራም ደግሞ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ከፋርማሲ የሚገኘው ርካሽ የጆሮ መድፈኛ ይበቃል። ድራመር ሆኖ ትንሽ መደንቆር ይቻል ይሆናል፤ ድምፅ ቀራጭ ሆኖ ግን አይቻልም።

ዐሥር ቀን በስልክ

ምንም ሳትገዙ በእጃችሁ ባለው ስልክ ጀምሩ። አንድ ምት ምረጡ፤ በየቀኑ ያንኑ ምቱ። የሚለዋወጠው የስልኩ ቦታ ብቻ ይሁን፦ ከከበሮው አፍ አንድ ስንዝር፣ ከዚያ አንድ ሜትር፣ ከዚያ የክፍሉ ጥግ፣ ከዚያ ደጃፍ። በጆሮ ማዳመጫ አድምጡና የሰማችሁትን በደብተር ጻፉ። ጥግ ላይ ለምን ወፍራም ሆነ? ደጃፍ ላይ ምቱ ለምን የራቀ ብቻ ሳይሆን የዘገየም መሰለ? በስልኩ ላይ ያለው መደበኛ መቅጃ ድምፁን በራሱ ፈቃድ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ ፍርድ ያሳስታል፤ ይህን ማጥፋት የሚያስችልና በዌቭ ፎርማት (ድምፁን ሳይጨምቅ) የሚያስቀምጥ መተግበሪያ ፈልጉ።

አሰልቺ ነው። እኔ በስድስተኛው ቀን ልተወው ነበር። በሰባተኛው ቀን ግን ስልኩን ሳላስበው በተጣጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጬው ነበርና ድምፁ ተለወጠ፤ ስለ ክፍል ማሰብ የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው።

ክፍሉ፦ ጭቃ፣ ጭድና የመንዝ ባና

ከተማ ያለ ወጣት የብሎኬት ቤት ተከራይቶ «ስቱዲዮ ከፈትሁ» ይላል። ብሎኬት ከተለሰነና መሬቱ ሴራሚክ ከሆነ ለቀረጻ ክፉ ቤት ነው፤ ስኔሩ (ከሥሩ ሽቦ የተወጠረበት ስል ድምፅ ያለው ከበሮ) እንደ ጅራፍ እየነጠረ ይመለሳል። ግድግዳው ወጣ ገባ ያለውና ጭድ የገባበት የጭቃ ቤት ድምፁን ስለሚበታትነው ብዙ ጊዜ ይሻላል። አያቶቻችን ለሙዚቃ ብለው አልሠሩትም፤ እኛ ግን እንጠቀምበት።

የክፍል ስፋት የሚወስነው ወፍራሙን ድምፅ ነው። ሁለት ትይዩ ግድግዳዎች በ4 ሜትር ከተራራቁ 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት) አካባቢ ያለው ድምፅ በመካከላቸው እየተመላለሰ አንድ ቦታ ላይ ይገነፍላል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይጠፋል። 3 ሜትር ከሆነ ይኸው ችግር 57 ኸርዝ አካባቢ ይወድቃል። ክፍሉ አራት በአራት ከሆነ ሁለቱም ጥንድ ግድግዳዎች በአንድ ድምፅ ላይ ይተባበራሉ፤ ስለዚህ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ክፍል አትምረጡ። ድራሙን ከመትከላችሁ በፊት አንድ ሰው ቤዝ ድራሙን ይዞ እየተዘዋወረ ይምታላችሁ፤ እናንተ አንድ ቦታ ቆማችሁ የሚሞላበትን ስፍራ ምልክት አድርጉ።

ቀጭኑንና መካከለኛውን ድምፅ ለመዋጥ ከውጭ የሚመጣ ስፖንጅ አያስፈልግም። የመንዝ በግ አለልን። ባናና ዝተት ከግድግዳው ላይ ተለጥፈው ሳይሆን አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብለው በገመድ ይሰቀሉ፤ ከኋላቸው ያለው አየር ሥራቸውን ያግዛል። ወፍራሙን ድምፅ ግን ባና አይዘውም። ለእሱ በአራቱም ጥግ ከመሬት እስከ ኮርኒስ የበግ ፀጉር ወይም ጭድ የታጨቀ ጆንያ ደርድሩ። ከድራሙ በላይ ደግሞ አንድ ዝተት በአግድም ይሰቀል፤ የቤቶቻችን ኮርኒስ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከላይ የሚሰቀሉት ማይኮች የሚሰሙት ድራሙን ብቻ ሳይሆን ኮርኒሱንም ነው። የእንቁላል መያዣ ካርቶን የምትለጥፉ ሰዎች፣ እባካችሁ ለእንቁላሉ ተዉለት። ይህ ሁሉ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ድምፅ ያስተካክላል እንጂ ለጎረቤት የሚደርሰውን አይከለክልም። ጎረቤትን የሚከለክለው ሰዓት መርጦ መምታትና አስቀድሞ ማስፈቀድ ነው።

ቆርቆሮው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ የሚታሰብ ቀረጻ የለም፤ በረዶ ሲጥልማ የተቀረጸው ሁሉ ቆርቆሮ ነው። በክረምት ማለዳ ብቻ ቅረጹ። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም፤ በቤተ ክርስቲያንም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ። ያ 55 ቀን የእኛ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን አብዛኛውን ነገር የተማርሁት በሁለት የጾም ወራት ነው።

መጀመሪያ መቃኘት

ያልተቃኘ ድራም በየትኛውም ፕሮግራም አይድንም። ስኔሩንና ቶሞቹን (ሽቦ የሌላቸውን የድራሙን ከበሮዎች) አንድ በአንድ ከመቆሚያቸው አውርዱ፤ ብሎኖቹን በመስቀለኛ አቅጣጫ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ፤ በእያንዳንዱ ብሎን አጠገብ ከጠርዙ 3 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በጣት ነካ ነካ እያደረጋችሁ ሁሉም አንድ ድምፅ እስኪሰጡ ድረስ አስተካክሉ። የታችኛውን ቆዳ አትርሱ። በሠርግ ባንድ ማንም ስለማይነካው ለዓመታት ላልቶ ይቀመጣል። በቤዝ ድራሙ ውስጥ የተጣጠፈ የባና ቁራጭ ቆዳውን ለኮፍ አድርጎ ይቀመጥ።

የኛ ከበሮ ደግሞ አየር ጠባዩን ይለውጠዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ በክረምቱ እርጥበት የከብቱ ቆዳ ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። ከጣርማ በር ወርዳችሁ በሸዋ ሮቢት ደረቅ ሙቀት ስትቀርጹ ያው ከበሮ ጠብቆና ቀጥኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ አንድ መዝሙር ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከሳምንት በኋላ አትቅረጹ፤ ወይም በመጀመሪያው ቀን የከበሮውን ድምፅ ብቻውን ቀርጻችሁ አስቀምጡና በሁለተኛው ቀን ከእሱ ጋር አመሳስሉ። የላላውን ፀሐይ ላይ አውጡት። እሳት ዳር የምታሞቁት ከሆነ ራቅ አድርጋችሁ፣ እያገላበጣችሁ።

አሁን ግዢ

የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ትንሽ ነገር ውስጥ አንድ ስሕተት አለ። ሁለት መግቢያ ያለው የድምፅ ካርድ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ሣጥን) አትግዙ። ርካሽ ነው፣ ለዘፋኝ ይበቃል፣ ለከበሮ መቺ ግን በሦስተኛው ወር ይጠብባል። አራት የማይክ መግቢያ ያለውን ግዙ፤ ቤሪንገር ዩኤምሲ 404 ኤችዲን የመሰለው መነሻ ይሆናል። ከእሱ ጋር ሁለት ዳይናሚክ ማይክ (ኃይለኛ ምት የሚችለው ዓይነት፤ ሹር ኤስኤም 57 ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ፣ ቢወድቅም የማይሰበር ማይክ ነው)፣ ሁለት ትንንሽ ኮንደንሰር ማይኮች (ረቂቁን ድምፅ የሚይዙት)፣ ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚዘጋ የጆሮ ማዳመጫና አንድ ላፕቶፕ። ኮንደንሰሮቹ 48 ቮልት ከካርዱ ይፈልጋሉ፤ ቁልፉ መኖሩን አረጋግጡ። ትልልቅ ማድመጫ ስፒከሮች ይቆዩ፤ ባልተስተካከለ ክፍል ውስጥ ውድ ስፒከር የሚያሰማው ክፍሉን ነው።

ዕቃው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ በስልክ ፎቶ አይታችሁ የወደዳችሁትን ከፍላችሁ አትመለሱ። ላፕቶፓችሁንና ማዳመጫችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ቅረጹ፤ ያለ ድምፅ አንድ ደቂቃ ቀርጻችሁ የዕቃውን የራሱን ጩኸት አድምጡ። እኔ ይህን ሳላደርግ የገዛሁት አሮጌ ማይክ ከላይ ስሙ ነበረበት፣ ከውስጥ ግን ሌላ ነበር።

ለመቅረጫና ለማደባለቂያ ፕሮግራም ሪፐር የተባለው ይበቃል፤ ለ60 ቀን በነጻ ይሞከራል፣ ለግል ተጠቃሚ ዋጋውም 60 ዶላር ነው። መብራት እንደሚዋዠቅ አትዘንጉ፦ ማረጋጊያ ይኑራችሁ፤ ስትቀርጹ የሚጉረመረም ድምፅ ከሰማችሁ ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

አራት ማይክ፣ አንድ ክር

እንግሊዛዊው ድምፅ ቀራጭ ግሊን ጆንስ የታወቀበት ዘዴ ለእኛ የተፈጠረ ይመስላል። አንዱ ኮንደንሰር ከስኔሩ በላይ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ወደ ታች ያይ። ሁለተኛው በወለል ቶሙ በኩል፣ ከቶሙ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ድራሙን አሻግሮ ወደ ሀይ ሃቱ ይመልከት። ቁም ነገሩ ርቀቱ ነው፦ ክር ወስዳችሁ ከስኔሩ መካከል እስከ አንደኛው ማይክ ለኩ፤ በዚያው ክር ሁለተኛውንም አስቀምጡ። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ርቀቱ ከተዛባ ስኔሩ ሁለቱ ጋ በተለያየ ጊዜ ይደርስና ሥጋው ይጠፋል። ይህን ነው «በቦታና በጊዜ በኩል እንገባለን» ያልሁት። የቀሩትን ሁለት ዳይናሚኮች ለቤዝ ድራሙና ለስኔሩ ስጧቸው።

አራት ማይክ ያንሳል ለሚል ሰው መልስ አለኝ። የሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የሀገር ፍቅር ማኅበር በሸክላ ኅትመት ላይ የነበረውን ብቸኛ መብት ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም፣ ለእያንዳንዱ ከበሮ አንድ ማይክ የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬም ዓለም የሚያደንቀው ያን ድምፅ ነው።

ለባህል ከበሮ ሁለት ማይክ ይበቃል፦ አንዱ ለሰፊው አፍ፣ አንዱ ለጠባቡ፣ ሁለቱም በአንድ ስንዝር ርቀት፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ ዘንበል ብለው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሰፊው አፍ ሲመታ ቆዳው ወደ ውስጥ ይገባል፤ በውስጥ ያለው አየር ደግሞ የጠባቡን አፍ ቆዳ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ አንዱ ማይክ ቆዳው ሲርቀው፣ ሌላው ሲቀርበው ይሰማል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ወፍራሙን ድምፅ ይበላሉ። በፕሮግራሙ ላይ የአንዱን ዋልታ (ፖላሪቲ የሚባለውን፣ የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡት፣ የጎደለው ወፍራም ድምፅ ወዲያው ይመለሳል። ዘማሪዋ ከበሮውን አንግታ የምትወዛወዝ ከሆነ «አትንቀሳቀሺ» አትበሏት፤ ምቱ ያለው በሰውነቷ ነው። ማይኩን ወደ ሁለት ስንዝር አርቁት።

በፕሮግራሙ ላይ የምትመርጡት የጥራት መጠን፦ 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ። ከፍተኛው ምት ዜሮ ጣሪያው በሆነው በፕሮግራሙ መለኪያ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል ይድረስ፤ ቀይ መብራት እንዲበራ አትፍቀዱ። ሲቀረጽ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን በአንዴ አጠራቅሞ የሚሠራበትን መጠን) ወደ 128 አውርዱት፣ ስታደባልቁ ወደ 1024 መልሱት። አንድ ማይክ በደቂቃ 8.6 ሜጋ ባይት ስለሚወስድ፣ በአራት ማይክ ዐሥር ጊዜ የተደገመ የአምስት ደቂቃ ዘፈን 1.7 ጊጋ ባይት ይሆናል። ሃርድ ዲስኩን አስቀድማችሁ አስቡበት።

ችክችካና ሜትሮኖሙ

ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪው) ሲከፈት ፕሮግራሙ በአራት አራት ይቆጥራል። የኛ ችክችካ ግን 6/8 ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ፍጥነትን የሚለኩት በሩብ ኖታ ነው፤ እግራችሁ በደቂቃ 120 ጊዜ የሚረግጥ ከሆነ እያንዳንዱ እርግጫ ሦስት ስምንተኛ፣ ማለትም አንድ ተኩል ሩብ ኖታ ስለያዘ የምትጽፉት ቁጥር 180 ነው። ይህን ባለማወቄ አንድ ሙሉ ቀን ሜትሮኖሙ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

ሁሉንም በሜትሮኖም ማሰር ግን አልወድም። እስክስታ እየጋለ ሲሄድ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ መጨመሩ ጥፋት ሳይሆን ጨዋታው ራሱ ነው። ለእንዲህ ያለው መግቢያውን ብቻ ቆጥራችሁ ሜትሮኖሙን ዝጉ፤ ሁሉም በአንድ ክፍል አንድ ላይ ይጫወቱ። ኋላ ኪቦርድ ወይም ቤዝ መጨመር ካስፈለገ የፕሮግራሙን ፍርግርግ (ምቶቹን የሚያሳዩትን መስመሮች) በተጫወቱት ላይ አስኪዱት እንጂ ተጫዋቾቹን ወደ ፍርግርጉ አትጎትቱ። ክራርና መሲንቆ ካለም ኪቦርዱ ከእነሱ ቅኝት ጋር መግጠሙን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሰው መቅረጽ

በዚህ ደረጃ እጃችሁ ሥራ ይፈታል፤ ለከበሮ መቺ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ዘፋኙ ሲጀምር ጠረጴዛውን በጣቴ እየመታሁ ስንቱን ቅጂ እንዳበላሸሁ አልቆጥርም።

አንድ ኅዳር መሲንቆ የሚጫወቱ አንድ አባት መጡ። አራት ጊዜ አስደገምኋቸው፤ በየጊዜው ይባስ ቀጠነ። «ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «እጄ እኮ በረደ!» እኔ ስለ ማይክ አስብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቀረጻ በፊት ክፍሉን አሞቃለሁ፤ ሻይም አይጠፋም። ከሰሉ ግን ከመዘጋቱ በፊት ይወጣል፤ ፍንጣሪው በማይክ ይገባል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ደግሞ ሰው ይገድላል። ጭዱም ከእሳት ይራቅ።

በተረፈ ለዘፋኝ በማዳመጫው የሚሰማውን ድምፅ መጀመሪያ አስተካክሉለት። የመጀመሪያውን ልምምድ ሳትነግሩት ቅረጹት፤ ብዙ ጊዜ ጥሩው እሱ ነው። ጭብጨባና እልልታን ከሁለት ሜትር ርቀት ቅረጹ፣ ሰዎቹን ቦታ እያቀያየራችሁ ሦስቴ ድገሙ፤ ስድስት ሰው እንደ ዐሥራ ስምንት ይሰማል።

ማደባለቅ

የድራመር ኃጢአት ይታወቃል፤ ድራሙ ይበዛል። ስለዚህ ከድራም አትጀምሩ። ድምፃዊውን ክፈቱ፣ መሲንቆውን ወይም ክራሩን አስከትሉ፣ ከበሮውን በመጨረሻ ከዜሮ እያነሳችሁ እንዳስፈለገ አቁሙት። ከዚያ ጥቂት አውርዱት። ለመነሻ ያህል፦ የቤዝ ድራም ክብደት ከ60 እስከ 80 ኸርዝ፣ የመምቻው ንክኪ ከ2.5 እስከ 5 ኪሎ ኸርዝ፣ የስኔር ሥጋ 200 ኸርዝ አካባቢ ይገኛል፤ የታፈነ ከመሰለ ከ250 እስከ 400 ባለው ላይ ቀንሱ። ከመጨመር መቀነስ ይቅደም። በዝግታ አድምጡ፤ አሳድሩት፤ በማግስቱ በስልክ ስፒከርና በሚኒባስ ውስጥ ሞክሩት። ድምፁን ከልክ በላይ አታግዝፉት፤ ዩቲዩብ ከ-14 ኤልዩኤፍኤስ (የአማካይ ጩኸት መለኪያ) ገደማ በላይ የጮኸውን መልሶ ዝቅ ያደርገዋል።

ስምና ገንዘብ

በኛ አገር «ፕሮዲዩሰር» የሚባለው ለረጅም ጊዜ ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ነበር፤ ሙዚቃውን የሚሠራው «አቀናባሪ» ነው። ስትዋዋሉ የትኛውን እንደሆናችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ለደራሲው ዕድሜ ልኩንና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት፣ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩም 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ዜማው የማን ነው? ግጥሙስ? ቅጂው የማን ነው? ክፍያው ቀድሞ ስንት፣ ሲያልቅ ስንት? አንድ ገጽ ይበቃል። እኔ በቃል ተስማምቼ የሠራሁትን የአንድ ድርጅት ማስታወቂያ ሙዚቃ ዛሬም በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ እሰማዋለሁ፤ ቀሪ ክፍያዬን ግን እስካሁን አላየሁም። ሠርጉንም ቶሎ አትተዉ፤ ስቱዲዮውን ለዓመታት የሚያበላው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ሥራችሁ ያደጋችሁበት የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ይሁኑ። በአንድ ማለዳ አንድ መዝሙር ቅረጹ፤ ሁለት ቅጂ በሁለት የተለያየ ዲስክ አስቀምጡ። ከዚያ ያደባለቃችሁትን በአዳራሹ አሮጌ ድምፅ ማጉያ አሰሟቸው፣ ከኋላ ቁሙና ከበሮዋን የያዘችው ልጅ የት ላይ ፊቷን እንዳጨማደደች ደቂቃውን ጻፉ።